አሰለፈች በሱሉልታ ሽማግሌዎች ፊት

አሰለፈችን የቀበርናት ባለፈው ቅዳሜ ነው። የሕይወት ታሪኳን ያነበበው ጎልማሳ ድምፁ ያማረ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ግን አሰለፈች አልነበረችም። የት እንደተወለደች፣ የት እንደተማረች፣ ከዚያም «በልዩ ልዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በቅንነት አገልግለዋል»፤ አለቀ። ከዘራዬን ተደግፌ ስሰማ ደሜ ፈላ። ይህማ የኔም ታሪክ ነው፣ የጎረቤቴም ነው፣ ጡረታ የሚቀበል ሰው ሁሉ ታሪክ ነው። እኔ የማውቃት ሴት በሰላም ውለው በሰላም ያደሩ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሽማግሌ እንዲቀመጥ ያደረገች ናት። ቀብር ላይ ተነሥቶ «ይህንንም ጨምርበት» ማለት ነውር ስለሆነ ዝም አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ፤ ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ እኔ ሰበታ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለጥናት ሥራ ሰው እንደሚፈልግ ሰማሁ። አማርኛም ኦሮምኛም አጥርቶ የሚናገር፣ በእግር መሄድ የማይሰለቸው፣ ሚስት ያለው። የመጨረሻው ነገር ግራ ገባኝ። ለሾፌር መንጃ ፈቃድ፣ ለመምህር የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ ሚስት የሚጠየቅበት ሥራ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሄድኩ። ከጠረጴዛው በስተኋላ የተቀመጠችው አጭር፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ መነጽሯ ወፍራም የሆነ ሴት ነበረች፤ አሰለፈች። የትምህርት ማስረጃዬን ገለጥ አድርጋ እንኳ ሳታይ፣

«ባለቤትህ ትስቅብሃለች?» አለችኝ።

ምን ልበል? «አልፎ አልፎ» አልኩ።

«እሰይ! ተቀጥረሃል።»

ሥራው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚኖሩ መጠየቅ ነበር። ማን ያዛል፣ ማን ይማከራል፣ ሲቀያየሙ እንዴት ይታረቃሉ። ጥናቱን የምትነድፈው አሰለፈች ነበረች። የመሥሪያ ቤቱ ዲሬክተር የሚፈልጉት ቁጥር ነው፤ እሷ ደግሞ የምትፈልገው ሰው እንደ ልቡ ሲያወራ መስማት ነው። አንድ ቀን ቢሯቸው ጠርተው «ወይዘሪት፣ በቤቱ የሚያዝ ወንድ በመቶኛ ስንት ይሆናል?» ቢሏት፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ቤት በመቶኛ ስንት ነው?» አለቻቸው። ዲሬክተሩ ሳቅና ቁጣ ተቀላቅሎባቸው ሻይ አዘዙላት። ከዚያ ወዲያ ስለ መቶኛ አላነሡባትም።

ባል አልነበራትም፤ ይህም በየሄድንበት ጉድ ያስብል ነበር። አንድ የሰበታ ነጋዴ «አንቺ ሳታገቢ የትዳር ነገር ምኑን ትጠይቂያለሽ?» ቢላት፣ «ሌባ የሚመረምር ዳኛ መስረቅ አለበት እንዴ?» ብላ አሳቀችው። እኛን ጠያቂዎቿን ደግሞ «እርስዎ» እንድንላት አትፈቅድም። «እኔን አንቺ በሉኝ። የምትጠይቋቸውን ሰዎች ግን አንቱ በሉ፤ ቤታቸውን ከፍተው የሚያሳዩን እነሱ ናቸው» ትለን ነበር። በቦርሳዋ ሁልጊዜ ቆሎ ትይዛለች። ለጠያቂውም ለተጠያቂውም ታድላለች፤ ቆሎ እየቆረጠመ የሚፈራ ሰው የለም ባይ ነበረች። እውነቷን ነው፤ አፉ ሥራ ያገኘ ሰው ምላሱ ይፈታል።

መጀመሪያ የሄድነው ቡራዩ ነው። ዲሬክተሩ ያጸደቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «በቤታችሁ ውስጥ ወሳኙ ማን ነው?» የሚል ነበር። ወንዱ «እኔ ነኛ!» ይላል። ሴቷ «እሱ ነዋ!» ትላለች። ቀጣዩም ቤት እንደዚያው፣ የሚቀጥለውም እንደዚያው። ከሰዓት በኋላ አሰለፈች አንድ አጥር ሥር ቁጭ አለችና ጫማዋን አውልቃ ጠጠር እያራገፈች፣ «ገለታ፣ እኛ እኮ የጠየቅነው የአገሩን ደንብ ነው እንጂ የሰውየውን ቤት አይደለም» አለችኝ። እዚያው ጥያቄውን ሰረዘችው። በምትኩ ያስገባችው፣ ቤታቸው በቅርብ ጊዜ ያደረገውን አንድ ትልቅ ነገር ከጥንስሱ ጀምረው እንዲያጫውቱን ነበር። «ማን ወሰነ አትበሉ። መጀመሪያ ያነሣው ማን ነበር በሉ።»

በማግስቱ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ዘንድ ሄድኩ። አቶ ዘውዴ ልበላቸው፤ ስማቸውን ካልለወጥኩ አሰለፈች ከመቃብሯ ተነሥታ ትቆጣኛለች። አቶ ዘውዴ ከአዲስ አበባ ወደ ቡራዩ እንዴት እንደመጡ ያጫውቱኝ ጀመር። ከኪራይ ቤት እንውጣ ብላ ያነሣችው ሚስታቸው ነበረች። ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ቦታውን ያየችው እሷ። ከባለ ርስቱ ጋር የተነጋገረችው እሷ። ከሱቅ ወፍጮ ይሻላል ያለችውም እሷ። አቶ ዘውዴ ድንገት ቆም አሉ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ ግንባራቸውን እያሻሹ። «ታዲያ እኔ ምን ሠራሁ?»

አሰለፈች አጥብቃ ያስተማረችን ነገር ነበር፤ ሰው ዝም ሲል ዝምታውን አትሙሉበት። እሷ ራሷ አላስችል ሲላት የነጠላዋን ጫፍ ትነክሳለች። እኔ ነጠላ ስላልያዝኩ ከንፈሬን ነከስኩ። አቶ ዘውዴ ብዙ ካሰቡ በኋላ ፊታቸው በራ።

«ፈረምኩ!» አሉ።

ይህን ስነግራት አሰለፈች መንገድ ዳር ሆዷን ይዛ ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ግን ፊቷ ረጋ አለና፣ «አየህ፣ ሰውየው አልዋሸም። ከዚህ በፊት የጠየቀው ስለሌለ ራሱም አያውቀውም ነበር» አለችኝ።

ሰበታ ደግሞ «እኛ ተጣልተን አናውቅም» የሚሉ ባልና ሚስት ገጠሙን። ጠብ የሚባለውን ቃል ሲሰሙ ይደነግጣሉ። አሰለፈች ጥያቄውን አዙራ «ሌላው ሲከፋው በምን ያውቃሉ?» አስባለችን። ሚስትየዋ «በርበሬ በዛበት ይላል፤ አልጫም ቢሆን» አለች። ባልየው ደግሞ «የመጥረጊያው ድምፅ ይለወጣል» አለኝ። ይህ ስም ሳይጠቀስ በጥናቱ ውስጥ ገብቷል። አሰለፈች ከዚያ በኋላ ሰው ቤት ስንደርስ መጥረጊያ ከሰማች ቆም ብላ ታዳምጥ ነበር።

አንድ ቀን «ሰው ቤት ገብተን የምንጠይቀውን እኛው ካልቀመስነው ነውር ነው» አለችና እሑድ ዕለት ሰበታ እኔ ቤት መጣች። እኔን ጓሮ ጌሾው ሥር አስቀምጣ ጠየቀችኝ። ብዙ ተናገርኩ፤ ከሚገባው በላይ ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ ባለቤቴን ወርቅነሽን ቤት አስገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። ከውስጥ ሳቅ ተሰማኝ። የወርቅነሽ ሳቅ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱም ሳቁ። ባርኔጣዬን ረስቼ ነበርና ገባሁ። ውሃ ጠማኝና ገባሁ። ሌላ ምክንያት ፍለጋ ስንጎራደድ አሰለፈች በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ሲያልቅ።

«የነገረችኝን ላንተ ከነገርኩ፣ የነገርከኝንም ለሷ መንገር አለብኝ። ልንገራት?»

የተናገርኩትን መለስ ብዬ አሰብኩት። «ተዪው» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዱ የተናገረው ለሌላው እንዳይነገር ቆረጠች፤ ምንም ቢመጣ። እንደኔ ያለው ባል በር በር እንዳይል ደግሞ ባልና ሚስቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለየብቻ፣ ድምፅ በማይደራረስበት ቦታ እንዲጠየቁ አደረገች፤ ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት። ሰበታም ቡራዩም በደንብ ሠራልን። እኛም ንድፋችን አምሮልን ደረታችንን ነፍተን ወደ ሱሉልታ ወጣን።

ሱሉልታ ያን ጊዜ ሜዳና ድርቆሽ ነው። ቱሉና ጫልቱ ከመንገዱ ገባ ብለው የሚኖሩ ወጣት ገበሬዎች ነበሩ፤ ጨዋታ የሚወዱ፣ አማርኛቸው ከኔ የማያንስ። እኔ ከቱሉ ጋር የድርቆሽ ክምሩ ጥግ ተቀመጥኩ፤ አሰለፈች ከጫልቱ ጋር ቤት ገባች። በሰላም አለቀ። አሰለፈች ግን ሁልጊዜ ሁለተኛ ቀን ትፈልጋለች፤ በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው ለእንግዳ የሚነገር ነው፣ እኔ የምፈልገው አድረው ያሰቡበትን ነው ትላለች። ስለዚህ ነገ እንመለሳለን ብለን ተሳስቀን ተለያየን።

በአጥሩ ማዶ አንድ ጎረቤት ማለፋቸውን አላየንም። እሳቸው ያዩት ባል ለብቻው ከከተማ ሰው ጋር፣ ሚስት ለብቻዋ ከከተማ ሴት ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ነው። በዚያ አገር ባልና ሚስት ለየብቻ የሚሰሙት ተጣልተው ሽማግሌ ሲገባ ብቻ ነው፤ ሰውየው ሌላ ምን ይጠርጥሩ? ወሬው ሳይመሽ የጫልቱ ወላጆች ቤት ደረሰ። ሲደርስም አድጎ ነበር፤ ቱሉ ሚስቱን ሊፈታ ከከተማ ዳኛ አምጥቷል።

በማግስቱ ጠዋት ስንመጣ ሽማግሌዎች ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ጥድ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። የጫልቱ ታላቅ ወንድም የተጫነ ፈረስ ይዞ ቆሟል። ጫልቱ ልጇን አዝላ ደጃፏ ላይ ናት። ቱሉ አገር የሰማውን እሱ ብቻ ያልሰማ ሰው ሆኖ ይንቆራጠጣል።

«አካም ቡልተን?» ብዬ እንዴት አደራችሁ አልኳቸው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ጃርሶ «ነጋ» አሉኝ፤ ሰላም ነው ማለታቸው ነው፤ ፊታቸው ግን እንዲያ አላለም። ወደ አሰለፈች ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እኛ ሳንሞት ቱሉንና ጫልቱን እንድታፋቺ ማን ላከሽ?»

«ኧረ አባቴ፣ እኔ የመጣሁት አኗኗራቸውን ልጠይቅ ነው! አልተጣሉም እኮ!»

«ካልተጣሉ ለምን ለየብቻ ሰማሻቸው?»

«አንዱ ሌላውን ሳይፈራ እንዲያወራ ነዋ።»

«ሲጣሉ እኛ እንጠይቃቸዋለን። ደህና ሲሆኑ ምን ይጠየቃሉ?»

«ደህና ሲሆኑማ የሚጠይቃቸው የለም። እኔ የመጣሁት ለዚያ ነው።»

ኦቦ ጃርሶ ጢማቸውን እያሻሹ ይህን ያስቡበት ጀመር። ወንድምየው ግን ችኩል ነበር።

«ነገር አታስረዝሚ። እህቴ ምን አለችሽ? ክፉ ነገር ከሌለ ንገሪንና ፈረሴን ይዤ ልመለስ። ዝም ካልሽ ግን አለ ማለት ነው፤ ይዣት እሄዳለሁ።»

«የነገረችኝን አልናገርም» አለች አሰለፈች።

ጠጋ ብዬ ሹክ አልኳት። «ኧረ በናትሽ! ያለችው ጥሩ ከሆነ ጥሩ ነው በያቸውና እንገላገል!»

«ዛሬ ጥሩ ሲሆን ከተናገርኩ፣ ነገ ስለ ሌላዋ ዝም ስል ክፉ ነው ይላሉ» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጫልቱ፣ ነገሩ ያንቺ ነው። መናገር ከፈለግሽ አንቺ ተናገሪ» አለቻት።

«አልናገርም!» አለች ጫልቱ። «ቤቴ ቁጭ ብዬ ያወራሁትን ለአገር የምዘረግፈው ምን በድዬ ነው?»

ቱሉ የተለወጠው ይህን ጊዜ ነው። እስከዚያ በሽማግሌዎቹ ሲናደድ የቆየው ሰውዬ ሚስቱን ያያት ጀመር።

«ምን ብለሻት ነው የማይነገረው?»

«አንተስ ድርቆሽ ሥር ስትንሾካሾክ ምን ስትል ነበር?»

«እኔ ምንም አላልኩም!»

«እኔም ምንም አላልኩም! ካላመንከኝ ፈረሱ ይኸውልህ!» አለችና አንቀልባዋን አጠበቀች።

ትናንት አብረው የሸኙን ሰዎች ናቸው፤ እኛ ባመጣነው ዘዴ ዓይናችን እያየ ሊለያዩ ነው። አሰለፈች አንድ ቃል ብትተነፍስ ሁሉም ይበርዳል፤ ያን ቃል ግን አትተነፍስም። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ግትርነቷን ጠላሁት። እሷ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዳ ጎንበስ አለች።

«ኦቦ ጃርሶ፣ እዚህ ጠብ ካለ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እነሱን ተዉአቸውና እኔን ዳኙኝ።»

ሽማግሌ የሚዳኘው ሲያገኝ ነፍሱ ትረጋለች። ተያዩ፣ ተንሾካሾኩ፣ ተስማሙ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አሰለፈችን ለብቻዋ ጥዱ ሥር አስቀሩና እኔን ደግሞ አንደኛው ሽማግሌ ለብቻዬ ወደ ድርቆሹ ወሰዱኝ።

«ይህች ሴት ሚስትህ ናት?» አሉኝ።

«አይደለችም፤ አለቃዬ ናት።»

«የምታዝህ እሷ ናት?»

«አዎ።»

«ሚስትህስ ይህን ታውቃለች?»

«ታውቃለች። እሷም ታዘኛለች» አልኩ። ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ።

ስመለስ የአሰለፈች ዓይኖች ያበራሉ። ሊፈረድባት የተቀመጠች ሴት አትመስልም። «አየህ? ለየብቻ ጠየቁን! ዘዴዬን ወሰዱብኝ!» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የነሱ ነበር እኮ» አልኳት።

ኦቦ ጃርሶ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንቺ ክፉ አላሰብሽም። ግን ለያይተሻል፤ የለያየ ደግሞ ይገጥማል። አሁን ባልና ሚስቱን አንድ ላይ አስቀምጠሽ ትናንት የጠየቅሻቸውን ጠይቂያቸው። እኛም እንስማ።»

አሰለፈች አሰበች። ይህን እሺ ብትል የደበቀችው ሁሉ አደባባይ መውጣቱ ነው። እምቢ ብትል ፈረሱ ቆሟል።

«አንድ ላይ ይቀመጡ» አለች። «የምጠይቃቸው ግን እኔ አልሆንም፤ እናንተም አትሰሙም። ጥያቄዎቹን ትናንት ሰምተዋቸዋል፤ እነሱው ይጠያየቁ። ከዚያ በኋላ ጫልቱ ፈረሱን ከፈለገችው ትውጣ፤ ካልፈለገችውም ትናገር።»

ወንድምየው ሊቃወም አፉን ሲከፍት ኦቦ ጃርሶ «ኤዬ፣ ይሁን» አሉ።

ቱሉና ጫልቱ ጥዱ ሥር ተቀመጡ፤ ጀርባ ለጀርባ ለመሆን ምንም አልቀራቸውም። እኛ ሜዳውን አቋርጠን ራቅን። ሽማግሌዎቹ ግን ከሩቅ ሆነው ያፈጡባቸው ጀመር። አሰለፈች ይህንንም አልወደደችውም። «አባቶቼ፣ ፊትም ይናገራል። እባካችሁ ዙሩልኝ» አለች። ዞሩ! ያን የመሰለ ነገር ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም፤ ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ወንድምየው፣ ፈረሱም ጭምር፣ ፊታችንን ወደ እንጦጦ አዙረን በብርድ ቆምን።

መጀመሪያ የተሰማው የተቆጣ የቱሉ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የጫልቱ፣ የባሰ የተቆጣ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ እያለ ሄደና የሚሰማ ጠፋ።

«ፈረሱን ላስር ብዬ ጠጋ ልበል?» አልኳት።

«ንቅንቅ እንዳትል!» ዓይኗን ጨፍናለች። «ገለታ፣ ይህን ሥራ ስነድፍ ልሰማው የተመኘሁት እኮ ይህን ነበር። ይኸው ከጀርባዬ እየተነገረ ነው። ምናለ ነፋሱ አንዲት ቃል እንኳ ቢያመጣልኝ!»

ነፋሱ ደግሞ የሚነፍሰው ከእኛ ወደ እነሱ ነበር።

ዝምታው ረዘመ። ወንድምየው ትዕግሥቱ አልቆ ሊዞር ሲል ኦቦ ጃርሶ ትከሻውን ያዝ አደረጉት። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ልቅሶ ይሁን ሳቅ፣ የሱ ይሁን የሷ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንም አልዞረም።

ጫልቱ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል። ቀጥ ብላ ወደ ወንድሟ ሄደች።

«ኮርቻውን አውርድለትና ሣር ይብላ። አንተም ግባና ብላ።»

ወንድምየው ኦቦ ጃርሶን አየ፤ ከዚያም እያጉረመረመ ኮርቻውን አወረደ። አሰለፈች መነጽሯን አውልቃ አለቀሰች፤ እኔም ዓይኔን ጠራረግሁ፣ ብርዱ ነው እያልኩ። ቱሉ በስተኋላ መጣና አሰለፈች ፊት ቆመ።

«እህቴ፣ ነገም ትመጫለሽ?»

«አልመጣም። እዚህ ቤት የኔ ጥያቄ አልቋል» አለችው።

«የኛ ገና ነው» አላትና ሚስቱን ተከትሎ ወደ ቤቱ ገባ።